የሰሜኑ ግድግዳ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጌታቸው ጥሩሰው
ድሬስደን፣ ጀርመን

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ እግዚአብሔር ጤናውን ከዕድሜ ጋር ያድልዎ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ሜዳው ክረምቱን ውሃ ተኝቶበት ከርሞ አሁን ገና እግር መቻል ጀምሯል። አባቴም ጉልበቴን ከማለት በቀር ደህና ነው።

ማን ናት ይህች እንዳይሉ፣ ዱርሲቱ ነኝ፣ የነገሳ መገርሳ ልጅ። የእናትዎ የእማማ ሊቤ ወንድም መገርሳ አያቴ ነው። ያየሁዎት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእማማ ሊቤ ተዝካር የመጡ ጊዜ ነው፤ እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። አሁን እርስዎ በተማሩበት በዚያው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ጆሮዎ ስልክ እንደማይቀበል ስለሰማሁ አድራሻዎን ከአባቴ ወስጄ በወረቀት ልጻፍ አልኩ።

ጉዳዬ ይህ ነው። የድንጋዩ ሕንፃ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ባለሙያዎችም መጥተው እያዩት ነው። ትምህርት ቤቱ የሕንፃውን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም አስቦ ጽሑፉን ለእኔ ሰጠኝ። አያቴ መገርሳ የአሠሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስለነበር ግማሹን ከአባቴ አፍ ወስጃለሁ። የቀረኝ በሕንፃው ውስጥ የተማረ ሰው ነው። እንዴት እንደተሠራ፣ ከሥራው በፊት ልጆች የት ይማሩ እንደነበር፣ በደርግ ጊዜ ምን እንደሆነ የሚያስታውሱትን ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አባቴ «ሰላም በይልኝ» ብሏል።

የወንድምዎ ልጅ
ዱርሲቱ ነገሳ


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዱርሲቱ

የአባቶችሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ መራመድና ማንበብ ነው፤ ለቅሬታ የሚበቃ ሕመም የለኝም። የእጅ ጽሑፍሽ የመምህር ነው፤ ደስ አለኝ።

ከሕንፃው በፊት ስምንተኛ ክፍል ያለፈ ልጅ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይጠጋ ነበር። ሽሮ ሜዳ ዘመድ ያለው ዕድለኛ ነው። ይህን የምልሽ ስለ ወንድ ልጅ ነው። ሴት ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ጨረሰች ማለት ትምህርት ጨረሰች ማለት ነበር።

ሕንፃውን ሕዝቡ ነው የሠራው። ድንጋዩ ከካባው በአህያም በሸክምም መጣ፤ ከየአጥሩና ከየእርሻው የተለቀመም ነበረበት። ክፍሎቹ ባንድ ረድፍ ተደርድረው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው አያሰማም፤ መምህሩ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይቀመጥና እኛ እንገለብጣለን። በደርግ ጊዜ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ይሰጥበት ነበር። የቤት እመቤቶች ቀን ልጆቻቸው በተቀመጡበት ወንበር ተቀምጠው «ሀ ሁ» ይላሉ። አንዳንድ እሑድ ስብሰባ ይደረግበታል፤ ስለ ስብሰባው የምጨምረው የለኝም። በ1974 ለትምህርት ወደዚህ አገር ስመጣ የምሥራቁ መስኮቶች መስታወት አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺ ታውቂያለሽ።

አጎቴ መገርሳ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነበር። ይህ እውነት ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በሰሜን በኩል ያለው የመጨረሻው ክፍል አሁንም በቦታው አለ? ካለ ከውጭ በኩል፣ ግድግዳው ሙሉ እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺልኝ። የክፍሉ ውስጥ አያስፈልገኝም።

ለነገሳ ሰላምታ አድርሺልኝ።

ጌታቸው ጥሩሰው


ሱሉልታ፣ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጌታቸው

መቼም ከቸሩ ፈጣሪ የሚሰወር የለምና እሱ ይጠብቅዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ የዘገየሁት የግማሽ ዓመት ፈተና ስናርም ነው። የሽሮ ሜዳውንና የቆርቆሮውን ነገር እንዳለ ወስጄዋለሁ። የቆርቆሮው አልተለወጠም፤ እኔም ዝናብ ሲመጣ ሰሌዳ ላይ ጽፌ እቀመጣለሁ።

ፎቶው በፖስታው ውስጥ አለ። ከታች እስከ ላይ የሚሄደው መስመር ጥላ እንዳይመስልዎት፣ ስንጥቅ ነው። እጄ ይገባበታል። ክፍሉ በአሁኑ ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ተማሪዎቹ በሁለት ፈረቃ ይገቡበታል፤ ያም ሆኖ በአንድ ዴስክ አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት።

ባለሙያዎቹ ጥናታቸውን ጨርሰዋል። ሕንፃው በሚቀጥለው ዓመት ይፈርስና በቦታው ባለ አራት ፎቅ ይሠራል። ስለዚህ መጽሐፉ የመሰናበቻ ሊሆን ነው።

ስለ አሠራሩ የጻፍኩት አንቀጽ እንደሚከተለው ነው፤ አይተው ያርሙልኝ።

«በ1964 ዓ.ም. በኦቦ መገርሳ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴ ሕዝቡን በድንጋይ፣ በእንጨትና በጉልበት አስተባብሮ ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳውን አቆመ። በተባበረ ክንድ የተጀመረው ሥራ ያለ አንዳች አደጋ ተጠናቆ ትምህርት ቤቱ በ1965 መስከረም የመጀመሪያዎቹን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ተቀበለ። ኦቦ መገርሳም በምረቃው ዕለት የክብር ቦታ ነበራቸው።»

ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ።

ዱርሲቱ


ድሬስደን፣ መጋቢት 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዱርሲቱ ነገሳ

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ፎቶው ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።

ረቂቁንም አነበብኩ። የፊደል ስህተት የለበትም።

ሕንፃው እንዳይፈርስ ምን ማድረግ እንደሚቻል እንድትነግሪኝ እፈልጋለሁ። ግድግዳ ስለተሰነጠቀ ሕንፃ አይፈርስም፤ እዚህ አገር ጦርነት የሰነጠቀው ሁሉ ተጠግኖ ቆሟል። ለጥገናው እኔም የድርሻዬን እልካለሁ፤ እዚህ ያሉ የሱሉልታ ልጆችንም አስተባብራለሁ። ሌላው ቢፈርስ እንኳ የሰሜኑ ክፍል ይቅር። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደሆነና ለማን መጻፍ እንዳለብኝ አስታውቂኝ።

ይፍረስ ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ጌታቸው


ሱሉልታ፣ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጌታቸው

ጤና ይስጥልኝ፤ በዓሉንም እንኳን በሰላም አሳለፉ።

ይፍረስ ብሎ የወሰነው ማን ነው ላሉኝ መልሱ አንድ ሰው አይደለም። የወላጆች፣ የመምህራንና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኮሚቴ ነው። መምህራኑን ወክዬ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሐሳቡን ያቀረብኩትም፣ ድምፅ ሲሰጥ መጀመሪያ እጄን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። እስካሁን ይህን ሳልነግርዎ ቀረሁ፤ ሕንፃውን እንደሚወዱት ስለገባኝ መንገሩ ከበደኝ።

ምክንያቴን ይስሙኝ። ባለፈው ሐምሌ የማጠናከሪያ ትምህርት እየሰጠሁ ሳለሁ በሰሜኑ ክፍል ከመስኮቱ በላይ ያለው ድንጋይ ተነቅሎ ወደቀ። ሄመን የምትባል ልጅ ትከሻዋን መታት። እግዜር አተረፋት፤ አጥንቷ ገጥሟል፤ ግን እስካሁን ቦርሳዋን በአንድ በኩል ነው የምትይዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስተምር ዓይኔ ከልጆቹ ላይ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ባለሙያው ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ የሰሜኑ ጫፍ ደግሞ ከሌላው ሁሉ በችኮላ የተገነባ ይመስላል አለን። ይጠገን ብለን ጠይቀን ነበር። ሲጠገን ልጆቹ ላይ ይወድቃል አለ።

ያለችን አንዲት ሁለተኛ ደረጃ ነች። ከተማው በየወሩ አዲስ ሰፈር ይጨምራል። እርስዎ ሕንፃውን ያስታውሱታል፤ እኔ በየቀኑ እገባበታለሁ።

የሚቆጡኝ ከሆነ ይቆጡኝ፤ ዝም ግን አይበሉኝ።

ዱርሲቱ


ሱሉልታ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጌታቸው

እንኳን ለዘመን መለወጫና ለመስቀል በሰላም አደረሰዎ። መልስ ሳያገኙ ደግሞ መጻፍ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ክረምቱ አልፎ ተማሪዎቹ ተመለሱ፤ ከእርስዎ ግን ምንም አልመጣም። አባቴን ብጠይቀው «ጌታቸው ዝም ካለ ምክንያት አለው» ብሎኝ ወጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ቡራዩ ሄጄ ነበር። በ1965 ከገቡት የመጀመሪያዎቹ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ኦቦ ሌንጮ እዚያ ሴት ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ ስላሉኝ፣ ለመጽሐፉ ላናግራቸው ነው የሄድኩት። «አከም ጅርቱ ኦቦ ሌንጮ?» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ ገባሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ረቂቁን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ያለ አንዳች አደጋ» የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«አባቴ።»

«ነገሳ?» አሉ። «ነገሳ እዚያ ነበር፤ ለጭቃው ውሃ ያቀብል ነበር» አሉኝ።

«ምን ሆኖ ነበር ኦቦ?»

«አትክልትን አታውቂያትም?»

«የጋሼ ጌታቸው እህት? በልጅነቷ በተስቦ የሞተችው?»

«በተስቦ አይደለም ልጄ።»

ከዚያ ነገሩኝ። እርስዎ የሚያውቁትን መልሼ መጻፍ እንዴት እንደሚከብድ ይረዱልኛል፤ ግን በትክክል ሰምቼ እንደሆነ እንዲያዩልኝ እጽፈዋለሁ።

አትክልት ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋ ቤት ቀርታ ነበር። ትምህርት ቤት ይሠራል ሲባል አያቴን ተከትላ በየቤቱ ትዞር ጀመር። እሱ በኦሮምኛ ይናገራል፣ እሷ ሰውየው በሚቀናው ቋንቋ። ድንጋይ አልሰጥም ያሉ አንድ ባለርስት ነበሩ አሉ። «ጌታዬ፣ ድንጋይ አይበላ፣ አይዘራ፤ ከግቢዎ ቢወጣ ማረሻዎ ነው የሚያርፈው» ብትላቸው ስቀው ሰጡ። ኦቦ ሌንጮ ይህን ሲነግሩኝ እሳቸውም ሳቁ።

ግንቦት ላይ ግድግዳው እስከ ሰኔ ከቆመ ለመስከረም መምህራን ይመደባሉ ተባለ። ግንበኛው የሰሜኑ ግድግዳ ይድረቅ፣ አትጨምሩበት ብሎ ነበር። አያቴ ዝናቡ መጣብን፣ ቀጥሉ አለ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ድንጋይ ሲያቀብሉ የነበሩት ተማሪዎች ከንፋሱ ሊሸሸጉ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። «ሁላችንም ተጠግተን ነበር» አሉኝ ኦቦ ሌንጮ። «ድምፅ ሰማንና ሮጥን። እሷ ወደ ጥጉ ነበረች። ዞር ስል ግድግዳው የለም።»

ሻይ መጥቶልኝ ነበር፤ አልጠጣሁትም።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። «የሞተ አባቴን ፍርድ ቤት ልታቆሚብኝ ነው?» አለኝ።

«አይደለም አባዬ። ከታሪኩ የወጣችው እኮ ልጅቷ ናት።»

«ሽማግሌ የዘጋውን አንቺ አትከፍቺውም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በአንድ ማዕድ እንቀርባለን እንጂ አንነጋገርም።

ጋሼ፣ ያ ፎቶ ለምን እንዳስፈለገዎት አሁን ገባኝ። የጻፍኩልዎትን «ያለ አንዳች አደጋ» ሲያነቡ ምን እንደተሰማዎት አላውቅም። ሕንፃው ይፍረስ ያልኩትን አልመልሰውም፤ አሁንማ ጭራሽ። ግን የሰማሁትን ልጽፈው እፈልጋለሁ። እርስዎ አይሆንም ካሉ አልጽፍም። መጽሐፉንም ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ እንጂ የቀድሞውን አላሳትምም።

ዱርሲቱ


ድሬስደን፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱርሲቱ

የእናቴ አምላክ ይባርክሽ።

ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም ልልሽ ነበር፤ ተቆጥቼ ነበር። ረቂቅሽን ያነበብኩ ቀን ብዕር አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዳልናገር ቃል የገባሁት ለእናቴ ነው። ከዚያ አንቺ የሄመንን ትከሻ ጻፍሽልኝ። ያንኑ ግድግዳ ልጆች ላይ እንዲቆም ስለምን የነበርኩት እኔ መሆኔን ሳስብ የምጽፈው ጠፋኝ።

ሌንጮ የነገረሽ ልክ ነው። የቤታችንን እኔ ልጨምርልሽ።

በረዶው እንዳባራ አጎቴ መገርሳ በእቅፉ ይዟት በራችን ላይ ቆመ። ጥፍሮቹ ደምተው ነበር፤ ድንጋዩን በእጁ ነው ያነሳው። እናቴ ልጇን አየች፣ ወንድሟን አየች። «አስገባት» አለችው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፤ ምድጃው አጠገብ ቆሜያለሁ። ውጣ ያለኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ እህል ሊገዛ ፍቼ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ተቀብራለች። ምን እንደሆነ ሲነገረው አልጮኸም። ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርዶ ወጣ። እናቴ በጓሮ በኩል ቀድማው ሮጣ የመገርሳ ቤት ደፍ ላይ ተቀመጠች። እኔ አባቴን ተከትዬ ስለነበር አይቻለሁ።

«ተነሺ» አላት።

«እኔን አልፈህ ግባ።»

«ልጄን ገድሏል።»

«ልጄንም ነው። ወንድሜን ጨምረህ አትውሰድብኝ።»

መገርሳ ከውስጥ ወጥቶ ከኋላዋ ቆመ። አልሸሸም፣ አልለመነም። አባቴ ለረጅም ጊዜ አየውና ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ሽማግሌዎች ገቡ። ነገሩ ወደ መንግሥት ቢሄድ መገርሳ ይታሰራል፣ ሥራውም ይቆማል። እዚያ ጉባኤ መካከል ሴት አትናገርም ነበር፤ እናቴ ተናገረች። «ትምህርት ቤቱ ካልተከፈተ ልጄ ለምን ሞተች?» አለች። የአትክልት ስም ከግድግዳው ጋር እንዳይነሳ ሽማግሌዎቹ ማሉ፤ ለሚጠይቅ ተስቦ ነው እንዲባል ተስማሙ። ከተማው ያኔ ትንሽ ነበር፤ የተማለውን ጠበቀ። አንቺ ስትወለጂ ተስቦው እውነት ሆኖ ነበር።

አባቴ ያንን ግድግዳ እያየሁ አልኖርም ብሎ ሰበታ ሱቅ ከፈተ። እናቴ አልሄደችም። ለበዓል ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀመጣል፣ ይመለሳል። እስኪሞት እንዲህ ኖሩ፤ አልተጣሉም፣ አብረውም አልኖሩም። ግድግዳው በዚያው ድንጋይ ተመልሶ ተገነባ። እኔ አሥረኛ ክፍልን የተማርኩት በሰሜኑ ክፍል ነው፤ የተመደብኩበት ወንበርም የግድግዳው ጥግ ነበር። ቦታ ቀይሩኝ ብል ለምን እባላለሁ ብዬ ዓመቱን ጨረስኩ።

ጻፊው። መሐላው እናቴ ለምትፈልገው ነገር ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ተከፍቷል። ስለ መገርሳም ግን ሙሉውን ጻፊ። ቀጥሉ ያለው እሱ ነው፤ ድንጋዩን በጥፍሩ ያነሳውም እሱ ነው። በምረቃው ቀን የክብር ቦታ አልነበረውም። ቢጠሩት አልሄደም፤ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሱ ማሳው ላይ ነበር። እናቴ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የመጀመሪያውን እሸት የምትቀምሰው ከእሱ እጅ ነው። ይቅር ብላው ነበር። እኔ አላልኩም ነበር። ይህንን መጽሐፉ ውስጥ አታስገቢው፤ ላንቺ ብቻ የጻፍኩት ነው።

ነገሳን አትጫኚው። እሱም ያን ጊዜ ልጅ ነበር።

ጌታቸው


ሱሉልታ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ጌታቸው

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በደብዳቤዎ ላይ እንዲህ ያለ ሰላም ሰጥተውኛልና እግዚአብሔር ለእርስዎም እንዲሁ ይስጥዎ።

መጽሐፉ ታትሟል፤ አንዱን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ርእሰ መምህሩ አንቀጹን ሲያዩ «ለመሰናበቻ ይህ ይከብዳል፤ የራስሽም ቤተሰብ ነው» አሉኝ። የራሴ ስለሆነ ነው አልኳቸው። አንድ ሳምንት ቆይተው ፈረሙ።

ሕንፃውን የተሰናበትነው መጋቢት ላይ ነው። ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የአሁኖቹም ሜዳው ላይ ተቀመጡ። ኦቦ ሌንጮን ልጃቸው ከቡራዩ አምጥታቸዋለች። አባቴን አልጠራሁትም፤ ከመጽሐፉ የአትክልትን አንቀጽ ማንበብ ልጀምር ስል ግን ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየሁት። አነበብኩት። የሁለታችንም ቤት ሽማግሌዎች ይጮኻሉ ብዬ ነበር። ማንም አልጮኸም። አንዲት አሮጊት ብቻ «ስሟ ይኸው ወጣ» ብለው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ከዚያ ጥያቄ ካላችሁ ስል ሄመን ተነሳች። ያች ትከሻዋን የተመታችው።

«ቲቸር፣ ቀጥሉ ያሉት ሰውዬ የእርስዎ አያት ናቸው?»

«አዎ።»

«ታዲያ እንዴት ጻፉት?»

አባቴ ከኋላ ተነሳ። «እኔ ልመልስላት» አለ። ጉልበቱ ስለሚያመው እየተደገፈ ወደ ፊት መጣ፤ ሰው መንገድ ለቀቀለት። በኦሮምኛ ጀመረ፣ መሀል ላይ ወደ አማርኛ ዞረ።

«ውሃ አቀብል ነበር» አለ። «የሰውዬው ልጅ ነኝ። ግንበኛው አይሆንም ሲለው ሰምቻለሁ። አባቴ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነበር። እናንተ እንድትማሩ ቸኩሎ የሰው ልጅ አስገደለ። ልጄ የጻፈችው እውነት ነው። አትጻፊ ብዬ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

ወደ ቤት አብረን ሄድን። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ይዞ ነበር።

ማፍረሱ የተጀመረው ከደቡብ በኩል ነው፤ ሰሜኑ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ስካቫተሩ ገና ሲነካው ወደቀ። ተማሪዎቹን ከአጥሩ ውጭ ስላራቅናቸው ማንም አልተጎዳም። አዲሱ ሕንፃ በአትክልት ስም ይጠራ የሚሉ አሉ፤ አይሆንም የሚሉም አሉ፤ ገና አልተወሰነም። እስከዚያው በቆርቆሮ በተሠሩ ክፍሎች እናስተምራለን። ጠዋት ጠዋት ይበርዳል።

ከዚህ በታች ያለውን አባቴ በራሱ እጅ ነው የጻፈው። እንዳላነብ ነግሮኛል፤ አላነበብኩም።

ዱርሲቱ

«ወንድሜ ጌታቸው፣ እንዴት ነህ? የጨረቃን ያህል ራቅን። አባቴ ሊሞት ሲል፣ በመጨረሻው ሳምንት ሰው መለየት ትቶ ነበር። አንድ ነገር ብቻ በኦሮምኛ እየደጋገመ ይጣራ ነበር፤ ‹አትክልት፣ ከግድግዳው ራቂ› ይላል። እኔ ‹ራቀች አባዬ› እለዋለሁ። ለአንተ ልጽፍልህ አስቤ ለመሐላው ብዬ ተውኩት። ማወቅ ነበረብህ። ነገሳ።»


ድሬስደን፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በዱርሲቱ በኩል
ለወንድሜ ለነገሳ መገርሳ

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ።

የጻፍካትን ደጋግሜ አነበብኳት። ከአጎቴ ጋር ሳልታረቅ ነው ወደዚህ አገር የመጣሁት፤ ሲሞትም ለቀብሩ አልመጣሁም። አሁን ታርቀናል። ሰው ከሞተ በኋላ መታረቅ ይቻል እንደሆነ ካህናቱ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ቀሎኛል።

መጽሐፉን አየሁት። ልጅህ አትክልትን መልአክ አስመስላ ጽፋታለች፤ ሙት አይወቀስምና ግድ የለም። እኔና አንተ ግን እናውቃታለን። ጥጆቹን ሳንጠብቅ ዋኝተን ስንመጣ በአርጩሜ ስታሳድደን፣ ስድቡን በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ስትጨርሰው ትዝ ይለኛል። አንተን ሁልጊዜ ትደርስብህ ነበር፤ እኔ እፈጥን ነበር።

ሕንፃው በእሷ ስም ቢጠራም ባይጠራም አትሟገቱ። ለኮሚቴው ከእኔ አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ። እህቴ ብርድ አትወድም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ከቤት ወጥታ አጥሩ ሥር ፀሐይ ሳትሞቅ ሥራ አትጀምርም። አዲሱን ሕንፃ ሲሠሩ መስኮቶቹን በምሥራቅ በኩል ሰፋ ያድርጓቸው።

ወንድምህ
ጌታቸው